የሱቅ ዋጋና የሴቶች መንገድ

የኮንዶሚኒየም ምድር ወለል ሱቅ ለጨረታ በሚቀርብበት ጊዜ ተጫራቹ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስፋቱንና ከአስፋልት ያለውን ርቀት ነው። ደላላውም የመኪና ማቆሚያ መኖሩን ጨምሮ ይነግረዋል። በበሩ ፊት በእግሩ የሚያልፈው ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓትና ምን ይዞ እንደሚያልፍ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ሱቁን የሚያኖረው ገዢ ደግሞ ይኸው አላፊ አግዳሚ ነው።

በዚህ ረገድ ዘወትር የሚጠቀሰው የኦስትሪያ ዋና ከተማ የቪየና ተሞክሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኤቫ ካይልና ዩታ ክሌዶርፈር የተባሉ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች የሴቶችን የዕለት ውሎ በፎቶግራፍ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አቀረቡ። በተከታዩ ዓመት የከተማው አስተዳደር የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ከፈተ። እስከዚያ ድረስ የፕላን አውጪው ዓይን ጠዋት በመኪና ወደ ሥራ ሄዶ ማታ በሚመለሰው ሠራተኛ ላይ ነበር። የሴቶቹ ጉዞ ግን መታጠፊያ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ልጅ ማድረስ፣ ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ አረጋዊ ወላጅ መጠየቅ፣ አብዛኛውም በእግር ነው። ነገሩ በነጋዴ ቋንቋ ሲተረጎም በአንድ ጉዞ አራት አምስት ቦታ የሚቆም ደንበኛ ማለት ነው።

ሴት አርክቴክቶች የነደፉት ባለ 357 ቤት መንደር በከተማይቱ 21ኛ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1997 ተጠናቀቀ። የሕፃናት ጋሪ ማስቀመጫ፣ ሰፊና ብርሃን የሚገባው ደረጃ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ክሊኒክና ሱቆች በዚያው ተካተውበታል። ልጃገረዶች ዘጠኝ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከመናፈሻዎች እንደሚቀሩ በጥናት በመታወቁም፣ ሁለት መናፈሻዎች መግቢያቸውና የመጫወቻ ሜዳቸው እንደገና ተሠርቶ ልጃገረዶቹ ተመልሰዋል።

አዲስ አበባ የራሷ ምልክት አላት፤ ጉሊት። የጉሊት ነጋዴ ካርታ አይታ አትቀመጥም። ሴቶች ከወፍጮ ቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከታክሲ መውረጃ የሚመለሱበትን መታጠፊያ ታውቀዋለችና እዚያው ትዘረጋለች። አንዳንድ ደላላ ይህን ቢያይ ከብዙ ድካም ይድን ነበር።

በኮንዶሚኒየም ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲመደብ ተደርጓል። በዲዛይኑም ምግብ ማብሰያ፣ ልብስ ማጠቢያና እርድ የሚከናወንበት የጋራ ሕንፃ ተካቷል። ሐሳቡ ከቤት እመቤት ኑሮ የተነሣ ነበር። ሆኖም በአንዳንድ ሳይቶች የጋራ ሕንፃው ለሌላ አገልግሎት በመዋሉ ከሰል ወደ ኮሪደር ወጣ፤ የሕንፃው ግድግዳም ጠቆረ። ይህ የባለ ፎቁን ብቻ ሳይሆን የምድር ወለሉን ሱቅ ኪራይም የሚነካ ነው።

ለአልሚው ወጪውን የሚወስነው ጊዜው ነው። መብራት ቆይቶም ይተከላል። ደረጃ ግን ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ አይሰፋም፤ ለሕዝብ መጸዳጃ ያልተተወ ቦታም ሱቆቹ ከተሸጡ በኋላ አይገኝም። መንገዱ ጨለማ ከሆነ ሴት ደንበኛ ሲመሽ ትቀራለች፤ ከሥራ ስትመለስ የምትሸምተው አስቤዛም መብራት ወዳለበት ሰፈር ይሄዳል።

ስለዚህ ተጫራች ፖስታውን ከማሸጉ በፊት ቦታውን ሁለት ጊዜ ቢያየው ይመከራል፤ አንዱ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት፣ ሌላው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ።