ክሩዝ ኮንትሮል በቤተሰብ ኤስዩቪ፦ ጥቅሙና ገደቡ

ክሩዝ ኮንትሮል አሽከርካሪው የመረጠውን ፍጥነት፣ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ የሚያስጠብቅ ሥርዓት ነው። በ5 ዓመታቸው ዐይነ ስውር የሆኑት አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሥርዓቱ ፍጥነቱን በየቅጽበቱ እየለካ ከተመረጠው ጋር ያነጻጽራል፤ ዳገት ላይ ሲቀንስ የሞተሩን ኃይል ይጨምራል፣ ሲያልፍ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ነባሩ ዓይነት ከፊት ያለውን ተሽከርካሪ አይለይም፤ አብዛኛውን ጊዜም ፍሬን አይዝም። ስለዚህ ሰውና ዕቃ የጫነ ኤስዩቪ በረጅም ቁልቁለት ከተመረጠው ፍጥነት ሊያልፍ ይችላል። በራዳር የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ርቀትን ቢጠብቅም፣ የቆመ ተሽከርካሪን ሳይለይ ሊቀር ይችላል። በመሆኑም ሥርዓቱ የሚስማማው መኪና ለማይበዛበት ደረቅና ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ነው፤ በዝናብ ወይም በጠመዝማዛ መንገድ ሊጠፋ ይገባል። መሣሪያው እግርን እንጂ ዐይንን አያሳርፍም።