የመስሚያ መሣሪያ ጥቅም በምን ይለካል?

ኮሲ ይህን ለመለካት የምታገለግል አጭር ቅጽ ናት። መስማት የተቸገረ ሰው መሣሪያ ከማድረጉ በፊት፣ በጣም የሚቸግሩትን እስከ አምስት የሚደርሱ ሁኔታዎች ያስመዘግብባታል። «ጫጫታ ባለበት አልሰማም» ማለት አይበቃም፤ «ቴሌቪዥን ተከፍቶ የልጅ ልጄ ስታናግረኝ አልሰማትም» ብሎ ቦታውንና ሰዉን መለየት አለበት።

መሣሪያውን ለሳምንታት ከተጠቀመበት በኋላ ቅጿ እንደገና ትወጣለች። በእያንዳንዱ ሁኔታ ምን ያህል ለውጥ እንዳገኘ፣ አሁንስ ምን ያህሉን ጊዜ እንደሚሰማ ይጠየቃል። የመጀመሪያው መልስ ከ«ብሶብኛል» እስከ «በጣም ተሻሽሏል»፣ ሁለተኛው ከ10 እስከ 95 በመቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ቅጿን ያስተዋወቁት የአውስትራሊያ ብሔራዊ የአኮስቲክስ ላቦራቶሪ ተመራማሪው ሃርቪ ዲለንና ባልደረቦቹ ናቸው።

የመስማት ምርመራ ክፍሉ ውጤት ብቻውን ለምን አይበቃም? ድምፅ በማያስገባው ክፍል የሚታወቀው ጆሮ የሚይዘው ትንሹ ድምፅ ነው። በገበያና በሠርግ ቤት ግን ንግግርና ጫጫታ ተደባልቀው ይመጣሉ። የምርመራ ውጤታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ሰዎች ከአንድ ዓይነት መሣሪያ እኩል ጥቅም ላያገኙ ይችላሉ።

ቢሆንም የክሊኒኩ ልኬት የሚናቅ አይደለም። ባለሙያው ቀጭን ቱቦ በጆሮ ቦይ አስገብቶ ታምቡሩ አጠገብ የሚደርሰውን ድምፅ ይለካል። የቦዩ ስፋት ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ አንድ መሣሪያ በሕፃን ጆሮ ውስጥ የሚፈጥረው ድምፅ ከአዋቂው ይልቅ ይበረታል። መሣሪያው ለባለቤቱ ጆሮ በልኩ መስተካከሉ የሚረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።

ከኮሲ ሌላ መጠይቆችም አሉ። ተመራማሪዎቹ ሮቢን ኮክስና ጄኔቪቭ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ባለ 24 ጥያቄ መጠይቅ፣ ንግግርን መከታተል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ብቻ ሳይሆን ከባድ ድምፆች ማስጨነቃቸውንም ይጠይቃል። በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎመው ባለ 7 ጥያቄ ዓለም አቀፍ መጠይቅ ደግሞ የሰውየው አለመስማት ሌሎችን ምን ያህል እንዳስቸገረ ሳይቀር ያነሣል።

ሰው ግን ይረሳል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ብዙዎች መሣሪያውን ከተጠቀሙበት ሰዓት አብዝተው ይናገራሉ። ብዙ የዛሬ መሣሪያዎች ሰዓቱን ራሳቸው ስለሚመዘግቡ፣ ባለሙያው ቁጥሩ ሲያንስበት ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ጆሮን አሳምሞ ነው? ድምፁ በዝቶ ነው? ወይስ ባትሪ ጠፍቶ? አንዳንድ ተመራማሪዎችም ተጠቃሚው በዕለት ውሎው መካከል ሳለ፣ በስልኩ ጥያቄ ልከው ያን ጊዜ የሚሰማውን ያስመዘግቡታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ መሣሪያው ሊጠቅማቸው ከሚችሉ ሰዎች መካከል የሚጠቀሙበት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ያገኘው ሰው ሳይጠቀምበት መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጠው ትልቅ ጉዳት ነው። በቤትዎ መስማት የተቸገረ አባት ወይም እናት ካሉ፣ ወደ ባለሙያ ከመሄዳቸው በፊት አብረው ተቀምጠው የሚቸገሩባቸውን አምስት ሁኔታዎች ይጻፉ። መሣሪያውን ካገኙ ከሳምንታት በኋላ በዚያው ወረቀት ይጠይቋቸው። ለውጥ ካላገኙ መሣሪያው እንደገና እንዲስተካከል ወረቀቱን ይዘው ይመለሱ።