ያውቁ ኖሯል? ምራቅ፣ ምርቃትና የተዘጋ የመኪና መስኮት

በምዕራብ ሸዋ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ፣ የኦሮሞ አዛውንት ሲመርቁ ቃላቸውን «ቱፍ!» ብለው እንደሚያሳርጉት ያውቁ ኖሯል? ሙሽራም፣ መንገደኛም፣ ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪም እንዲህ ይመረቃል። ተመራቂው አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል፤ ከአባት አፍ የወጣ እርጥበት ልምላሜ ነው፣ ልምላሜም በረከት ነው። ብዙ ጊዜ ድምፁ እንጂ ጠብታው አይወጣም። አማርኛ ተናጋሪ አያቶችም «እንትፍ እንትፍ» ብለው የልጅ ልጃቸውን ከክፉ ዓይን ይጋርዳሉ።

የሜጫ ኦሮሞ የገዳ መናገሻ የነበረው ኦዳ ቢሲል የሚገኘው እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ነው። የገዳ ጉባኤ በምርቃት ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

የግሪክ አያቶችም ቆንጆ ሕፃን ሲያዩ «ፍቱ ፍቱ ፍቱ» ይላሉ። የኬንያና የታንዛኒያ ማሳዮች አራስ ልጅን የሚመርቁት በምራቅ ነው።

ያው ምራቅ ሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ግን ከጥፊ ይከፋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 የሟች ወንድሙን ሚስት አላገባም ያለ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ጫማው ይወልቃል፣ ፊቱም ላይ ይተፋበታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ክብርን የሚነካ ስድብን የሚቀጣው በቃል ሲሆን ብቻ አይደለም፤ በምልክት ወይም በሌላ አድራጎት ሲሆንም ነው። በእግር ኳስ ሕግ ሰው ላይ መትፋት በቀጥታ ቀይ ካርድ ያሰጣል፤ ሣሩ ላይ የሚተፋ ተጫዋች ግን አይቀጣም።

ሥጋ ወደሙ የተቀበለ ምእመን አፉን በነጠላው ሸፍኖ የቅዳሴ ጠበል እንደሚጠጣና ከዚያም እንዳይተፋ እንደሚጠነቀቅ በምዕራብ ሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። በእስልምናም መስጊድ ውስጥ መትፋት ኃጢአት መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። በረመዳን «ምራቅ ከዋጥሁ ፆሜ ይፈርሳል» ብለው ሲተፉ የሚውሉ አሉ፤ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ግን የገዛ ምራቅን መዋጥ ፆም አያፈርስም ይላሉ። አዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ምራቅ ያመነጫል፤ ያንን ሁሉ ሲተፉ መዋል በከንቱ መድከም ነው።

ስለ ቻይናውያንና ስለ መትፋት ብዙ ይወራል። የቻይናው መሪ ቻንግ ካይ ሼክ እ.ኤ.አ. በ1934 በናንቻንግ ከተማ «የአዲስ ሕይወት ንቅናቄ» ሲጀምሩ ሕዝቡን ከከለከሏቸው ነገሮች አንዱ መንገድ ላይ መትፋት እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? የኋላው የቻይና መሪ ዴንግ ሺያዎፒንግ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1982 የእንግሊዟን ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን ሲያነጋግሩ የመትፊያ ዕቃቸው ከእግራቸው ሥር ነበር። ቤይጂንግ ከ2008ቱ ኦሊምፒክ በፊት መንገድ ላይ የሚተፋን ሰው እስከ 50 ዩዋን ትቀጣ ነበር። ይህን ቻይናውያን ብቻ የሚያደርጉት ማስመሰል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኒው ዮርክ የመትፋት ክልከላዋን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ የሚተፋ ባይበዛ ኖሮ ክልከላው ባላስፈለገ።

ያን ክልከላ ያመጣው የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ፍርሃት ነው። ሮበርት ኮክ የበሽታውን ተህዋስ ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ የደረቀ አክታ ከአቧራ ጋር ተነሥቶ ሰው ይፈጃል ተባለ። ጀርመናዊው ሐኪም ፔተር ዴትቫይለር ሕሙማን ኪሳቸው ይዘውት የሚዞሩ፣ ክዳን ያለው ሰማያዊ የአክታ ጠርሙስ እስከ መሥራት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ግን የአገሩ ልጅ ካርል ፍሉገ ነገሩን ገለበጠው፤ ዋናው አደጋ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲናገር ከአፉ የሚወጣው ረቂቅ ጠብታ መሆኑን አሳየ። ተህዋሱ በተዘጋ ክፍል አየር ላይ ለሰዓታት ተንሳፎ ይቆያል። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ጸንቶባቸዋል ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

እንግዲህ ከአምቦ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ያስቡት። በጊንጪ፣ በኦሎንኮሚ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ በኩል ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንድ ሰው መስኮት ከፈት ሲያደርግ ከኋላ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። በመስኮት አክታ የሚተፋን ሰው ሁላችንም እንቆጣለን፤ ሊስትሮው ተቀምጦ የሚሠራበትን፣ እናቶች ጎህ ሳይቀድ የሚጠርጉትን አስፋልት ያቆሽሻልና ቁጣችን ተገቢ ነው። አፉን ሳይሸፍን እዚያው ውስጥ የሚያስለውን ግን ዝም እንላለን። መስኮት ያዘጋንም በነገሩ አለንበት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ 8 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጣል፤ ለዚሁ ተብሎ ማሽን በተገጠመላቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለና ሰፋፊ መስኮት ያላቸው የድሮ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ በልጠው ተገኝተዋል። ከአምቦ የሚነሣ ሾፌር መስኮቶቹን ጥቂት ከፈት አድርጎ ቢነዳ ለተሳፋሪው ትልቅ ውለታ ይውላል፤ የሚበርደውም ጋቢውን ይደርብ።

የሚያስል ሰው በሠፈር ሲገፋ ሳሉን እንደሚደብቅ ያስተውላሉ? ከተደበቀ ደግሞ አይታከምም፣ ቤተሰቡም አብሮ ይያዛል። ስለዚህ መንገድ ላይ መትፋትን ስንነቅፍ ሕመምተኛውን እንዳናሸማቅቅ መጠንቀቅ አለብን። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይመረመራል፤ ቲቢ ከተገኘበት መድኃኒቱም በነፃ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል፤ ሳሉ ቢጠፋም መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም።

ለምርመራው የሚፈለገው ምራቅ አለመሆኑን ያውቁ ኖሯል? በጥልቁ ተንፍሶ፣ ከደረት አስሎ የሚወጣ አክታ ነው፤ ከእንቅልፍ እንደተነሡ የሚወጣው የተሻለ ነው። አፍን አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ መጉመጥመጥ፣ ከዚያ ውጭ ሰው በሌለበት ገላጣ ቦታ ላይ ቆሞ ጤና ጣቢያው በሰጠው ዕቃ ውስጥ መትፋትና ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ መመለስ ነው። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ካለ ናሙናው ከገባ በኋላ ውጤቱ በሁለት ሰዓት ገደማ ይታወቃል።