ኦርኪዱን የሚለየው ጠረኑ ነው

ንብ የሚመስለው የኦርኪድ አበባ ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ በዞረ ቁጥር «ንቧ ከምድር ጠፍታለች፤ መልኳ የቀረው በአበባው ላይ ብቻ ነው» የሚል ወሬ ይከተለዋል። ወሬው ሐሰት ነው። ኦፍሪስ አፒፌራ የተባለውን ይህን አበባ ሲጎበኙ የታዩት የዩሴራ ወገን ንቦች በሜዲትራኒያን አካባቢ ዛሬም አሉ። እንግሊዝን በመሳሰሉ ሰሜናዊ አገሮች ደግሞ አበባው ንብ ሳይጠብቅ የራሱን ብናኝ በራሱ ላይ ያሳርፋል፤ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጽፏል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ወሬው የተመሠረተበት እምነት ነው፤ ለእኛ ዐይን ንብ የመሰለ ለንብም እንዲሁ ይመስላታል የሚለው። የታችኛው መልካበባ ነጠብጣብ ጥቂት ስለተለየ ብቻ «አዲስ ዝርያ ተገኘ» የሚያሰኘውም ይኸው እምነት ነው።

አፒፌራ የሚመደብበት የኦፍሪስ ወገን አበቦች ጣፋጭ ፈሳሽ አይሰጡም፤ ወንዱን ንብ የሚስቡት ሴቷን መስለው ነው። ወንዱ ከአበባው ጋር ሊሳረር ሲታገል የብናኝ ጥቅል ጭንቅላቱ ላይ ይለጠፍበታል፣ ቀጥሎ በሚታለልበት አበባ ላይም ያራግፈዋል። አንዳንድ ኦፍሪሶች ጥቅሉን የሚለጥፉት በሆዱ ጫፍ ነው፤ ስለዚህ አንድ ንብ ሁለቱንም ዓይነት ቢጎበኝ እንኳ ብናኛቸው አይደባለቅም። ከሩቅ የሚጠራው ግን ጠረኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ አንድሬና ኒግሮኤኒያ የተባለችው የዱር ንብ ገላዋን በሸፈነው ሰም ውስጥ ያሉትን ሃይድሮካርቦኖች ኦፍሪስ ስፌጎደስ የተባለው አበባም እንደሚያመነጭ አሳየ። የቅርብ ዘመዱ ኦፍሪስ ኤክሳልታታ ደቡብ ኢጣሊያ ውስጥ ከእሱ ጋር ይበቅላል፤ የሚያታልለው ግን ኮሌተስ ኩኒኩላሪየስ የተባለውን ሌላ ንብ ነው። የሁለቱ አበቦች የጠረን ልዩነት በዋናነት ያለው ከእነዚሁ ሃይድሮካርቦኖች መካከል አልኬን በተባሉት ላይ ነው። በካርቦኑ ሰንሰለት ላይ ድርብ ትስስሩ የሚያርፍበት ቦታ በስፌጎደስ በብዛት 9ኛውና 12ኛው፣ በኤክሳልታታ ደግሞ 7ኛው ካርቦን ነው። ቅመሙ አንድ ሆኖ ልኩ ሲለያይ የሁለት ቤት በርበሬ እንደሚለያይ ሁሉ፣ ንቡም የሚለየው ይህንን ልክ ነው። በሰው እጅ ቢዳቀሉ ሁለቱ ዘር ይሰጣሉ። ሜዳ ላይ እንዳይደባለቁ የሚያግዳቸው በዋናነት የንቡ ምርጫ ነው።

ዝርያን በጠረኑና በሚጎበኘው ንብ መለየት ላይ ግን ብርቱ ተቃውሞ አለ፣ ሊናቅም አይገባም። የኦፍሪስን ዝርያዎች በጎብኚያቸው የሚለዩ ሊቃውንት ከ300 በላይ ሲቆጥሩ፣ ዲ.ኤን.ኤ. የመረመሩ ሌሎች ግን በግልጽ የሚለዩት ወደ 10 የሚጠጉ ቡድኖች ብቻ ናቸው ይላሉ። ንብም ይሳሳታል፤ የአንድ አበባ ጎብኚ ከቦታ ቦታ ሊለወጥ ይችላል፤ ድቅሎችም በዱር ይገኛሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ጎብኚ ለአንድ ዝርያ ማስረጃ ማድረግ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። በሌላ በኩል፣ በቅርብ ዘመን የተለያዩ ዝርያዎች አብዛኛውን ዲ.ኤን.ኤ. አሁንም ይጋራሉ፤ ጠረን የሚወስኑ ጥቂት ጂኖች ሲለወጡ የቀረው ገና ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የዲ.ኤን.ኤ. መመሳሰል ብቻውን «አንድ ናቸው» አያሰኝም። ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት ድንበሩ የት ይሰመር በሚለው ላይ ነው፤ ነጠብጣብን ግን ሁለቱም ብቻውን በቂ ማስረጃ አያደርጉትም፣ በአንድ መስክ በበቀሉ የአንድ ዝርያ አበቦች መካከል እንኳ ይለያያልና።

«አዲስ ኦርኪድ ተገኘ» የሚል ዜና የምታዘጋጁ ሁሉ ከማተማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚጎበኘው ማን ነው? ጠረኑስ ተመርምሯል? ልዩነቱ በስንት ተክሎች ላይ ታየ?