ሕክምና የሚገባው በየት በኩል ነው?

ነቀምቴ ውስጥ ጎበዝ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዶክተር ልታደርጉት ነው?» ጠያቂውም ተጠያቂውም ነገሩ በ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ውጤቱ ከመጣ ልጁ ሐኪም ሆነ፣ ካልመጣ ቀረ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የሚለየው በአብዛኛው ግቢ ከገባ በኋላ፣ በፍሬሽማን ዓመት ነው። ብዙ ጥሩ ተማሪ ይህን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ቃለ መጠይቅም አለ፤ የሚያጋጥመው ግን በሌላ በር የሚመጣውን ሰው ነው።

የመጀመሪያው ወንፊት ብሔራዊ ፈተናው መሆኑ አይካድም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ከሃምሳ በመቶ በላይ ያመጣው በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። ትምህርት በጸጥታ ችግር ሲቆራረጥባቸው ከነበሩ የወለጋ ወረዳዎች መጥቶ ይህን ያለፈ ልጅ ጉብዝናውን አስመስክሯል። ያም ሆኖ ያገኘው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነው፤ የሕክምና ወንበር ገና አልተሰጠውም።

ውጤት ከታወቀ በኋላ ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል። ጥንቃቄ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሕክምና የማይሰጥ ዩኒቨርሲቲ ስላለ፣ ለቤት ስለሚቀርብ ወይም ጓደኛ ስለሄደበት ብቻ አንደኛ ምርጫ የተደረገ ግቢ በሩን ገና ከጅምሩ ሊዘጋው ይችላል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከነቀምቴው ዋና ግቢ ሌላ ግምቢና ሻምቡ ላይ ካምፓሶች አሉት፤ ሕክምና የሚሰጠው ግን ነቀምቴ ነው። ጅማ፣ አምቦና ሐዋሳም ሕክምና ያስተምራሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ወደዚያ የሚያስብ ልጅ የቃልና የቁጥር አስተሳሰብ ለሚመዝን ሌላ ፈተና ጭምር መዘጋጀት አለበት።

አሁን ወደ ፍሬሽማን እንግባ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነውና።

ሐኪም ሊሆን የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚጠብቀው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ነው። የሚቀበለው ግን ጀነራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ነው። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ሎጂክ ለሕክምና ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሃንድአውቱን የፈተናው ዋዜማ ላይ ይገልጠዋል። ሬጅስትራር ግን የጂኦግራፊ ኤ እና የፊዚክስ ኤ አይለይም፤ ክሬዲታቸው እኩል ከሆነ ሚዛናቸውም እኩል ነው።

ስሌቱን አንድ ጊዜ በወረቀት መሥራት ያዋጣል። ስድስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ ሦስት ክሬዲት ሃወር ነው እንበል፤ ድምሩ 18። ሁሉንም ኤ ያመጣ ተማሪ 72 ነጥብ ይዞ 4.00 ይሆናል። አንዱን ብቻ ቢ ያደረገ ሦስት ነጥብ ያጣና 69ን ለ18 ሲያካፍል 3.83 ላይ ይወርዳል። ለሕክምና የሚፎካከሩት ደግሞ እነዚያው የትምህርት ቤት አንደኞች ስለሆኑ፣ 4.00 እና 3.83 መካከል ብዙ ሰው ይቆማል። በንቀት የታለፈ አንድ የሳይኮሎጂ ፈተና ሕልምን ወደ ሌላ ዲፓርትመንት ሊያሻግር ይችላል።

ሌላው መሰናክል የሴሚስተሩ እረፍት ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን በዚያን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወገን ወደ ቅድመ ኢንጂነሪንግ ሄዶ ተጨማሪ ሒሳብና ፕሮግራሚንግ ይወስዳል፣ ሌላው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ወዳለበት ይገባል። ሕክምና የሚፈልግ ልጅ ጓደኞቹን ተከትሎ ቅድመ ኢንጂነሪንግ ከሞላ መመለሻው ይቸግራል። በዚህ ሰሞን ልጆች አገር ቤት ይገባሉ፤ ቅጹ የሚለጠፈው ወይም ሲስተም ላይ የሚከፈተውም ያኔ ነው። ጊዳ አያና ወይም ቄለም ውስጥ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቀበሌ የሚሄድ ተማሪ ቀኑን ሳያውቅ ከነቀምቴ መናኸሪያ ባይሳፈር ይመረጣል። ወለጋ በ2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት አገር ስለሆነ ይህ ምክር ለአካባቢው ሰው አዲስ አይሆንበትም።

ከዚያ የዲፓርትመንት ምርጫ ይመጣል። መስፈርቱን ዩኒቨርሲቲው ያወጣል፤ በጥቅሉ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የፍሬሽማን ነጥብ ተደምረው ይታያሉ፣ ለሴቶችና ልዩ ድጋፍ ለሚገባቸው ተማሪዎች ተጨማሪ ነጥብ ይታሰባል፣ አንዳንድ ቦታ የጽሑፍ ፈተና ይጨመራል። ሚዛኑ ከግቢ ግቢ፣ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የአምናው ተማሪ የነገረህን አትመን፤ የዘንድሮው ማስታወቂያ ፊት ቆመህ አንብብ። ሕክምና የሚፈልግ ሰው ሕክምናን አንደኛ ይሙላ። «አይደርሰኝም» ብሎ ሁለተኛ ላይ የጻፈ ልጅ አንደኛ ያደረገው ትምህርት ከደረሰው የሚወቅሰው የለም።

ግሬድ ሪፖርት ላይ «ኤንጂ» ወይም «አይ» የሚል ካለም ምደባው እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው መምህሩ ግሬድ አላስገባም ማለት ነው፤ ሁለተኛው ያልተሟላ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለቱም ነጥብህን ሙሉ እንዳይሆን ያደርጉታል። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው አጭር ስለሆነ ቅጹን ከዲፓርትመንት ወስዶ፣ አስፈርሞ፣ ኮፒውን መያዝ ነው።

ስለ ወረቀት ከተነሣ፣ ወለጋ ላይ በተለይ የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ የስም አጻጻፍ። በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ስም የሚጻፈው በቁቤ ነው። ጫላ በቁቤ የሚጀምረው በ«ሲ» ነው፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «ሲ» እና «ኤች» ይሆናል። ጥላሁን በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል፣ ሌላ ቦታ በ«ቲ»። በዚህ ምክንያት የ8ኛ ክፍል ካርዱ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱና የፋይዳ መታወቂያው ላይ አንድ ልጅ ሦስት ሰው መስሎ ይገኛል። ማስተካከያው ከትምህርት ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት የስም ማረጋገጫ ነው፤ የሚፈጀው ጊዜ ነው እንጂ ችሎታ አይጠይቅም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው «ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ ይዛችሁ ቅረቡ» ብሎ ጥሪ ከማውጣቱ በፊት፣ ክረምቱ ላይ ይለቅ።

እስካሁን ቃለ መጠይቅ አልመጣም። ቃለ መጠይቅ ይበልጥ የሚያገኘው ዲግሪ ይዞ ወደ ሕክምና የሚመለሰውንና የግል ኮሌጅ የሚያመለክተውን ነው።

በየካቲት 2004 ዓ.ም. መንግሥት የሐኪም እጥረቱን ለማቃለል በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ጀመረ። የተቀበለው ከ12ኛ ክፍል የመጣ ልጅ ሳይሆን በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያለውን ሰው ነበር። ጤና ጣቢያ ሲሠራ የቆየ ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ተፈትኖና ቃለ መጠይቅ ተደርጎለት ገባ። ወለጋ ውስጥ ይህ መንገድ ብዙ ሰው የሚያየው መንገድ ነው፤ አይራ፣ ግምቢ፣ ነቀምቴ የቆዩ ሆስፒታሎች ያሉባቸው ከተሞች ስለሆኑ በእነሱ ዙሪያ ያደገ የጤና ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። ሁሉም ተቋም ግን ዛሬ በዚህ በኩል አይቀበልም፤ ሥራ ከመልቀቅ በፊት ሬጅስትራሩን መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ያ የጤና ሠራተኛ ጠያቂዎች ፊት ተቀመጠ እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ለምን ሕክምና መረጥክ?» የታወቀው መልስም አብሮት አለ፦ «ወገኔን ለማገልገል።» ጠያቂዎቹ በዚያ ቀን ይህንን ብዙ ጊዜ ሰምተውታል። ተከታዩ ጥያቄ ነው የሚያፋጥጠው፦ «አሁንም እያገለገልክ አይደል? ነርስነት ምን ጎደለው?» ነርስነትን ዝቅ አድርጎ የሚመልስ ሰው አብረውት የሚሠሩትን ሰዎች እንዴት እንደሚያይ ነገረ። «ዶክተር መባል ነው የምፈልገው» ያለ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረ።

ከዚህ የሚያወጣው በዓይን የታየ ነገር ነው። እንበል ከቤጊ ወገን ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሴት ናት፤ በክረምት ሌሊት ደም የሚፈሳት ወላድ መጣች። ያደረገችው ምንድን ነው? የደም ሥር ከፈተች፣ ያለውን መድኃኒት ሰጠች፣ ለግምቢ ሪፈር ጻፈች፣ አምቡላንሱ ጭቃ ያዘው። ያላደረገችውስ? ኦፕሬሽን ማድረግ አትችልም፣ ደም የለም። ከዚያ በኋላ ምን አነበበች፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ምን እንዲለወጥ ጠየቀች? ይህን በሦስት ደቂቃ፣ የታካሚዋን ስምና ቀበሌ ሳትጠራ የምትናገር አመልካች «ለምን ሕክምና?» የሚለውን መልሳለች። ስም አለመጥራቷም ራሱ ይመዘንላታል፤ የሰው ምሥጢር መያዝ ማንን እንደሚከብደው ጠያቂዎች በዚህ ነው የሚያውቁት።

ሁለተኛው የጥያቄ ዓይነት መልሱ ሁለት ወገን ያለው ነው። «ጓደኛህ ሲኮርጅ አየህ፣ ምን ታደርጋለህ?» «ታካሚው ደም አልወስድም አለ፣ ቤተሰቡ ስጡት ይላል።» እዚህ ላይ ፈጥኖ መፍረድ ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ምን እንደሚያጣራ፣ ማንን እንደሚያነጋግር፣ ከዚያ የቱ ላይ እንደሚቆም በተራ የሚናገር ሰው ይሻላል። ጨርሶ አለመቆምም ያስጥላል።

ሦስተኛው ስለ ኑሮ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው እንዲስተካከል ጠይቀው በአገሪቱ ብዙ ቦታ ሥራ ማቆማቸው ይታወሳል። «የሐኪም ደመወዝ ታውቃለህ?» ተብሎ «ገንዘብ አያስጨንቀኝም» ማለት የሚያስመሰግን ይመስላል እንጂ አያሳምንም። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ደመወዝ ያስጨንቀዋል። ሁኔታውን አውቆ፣ የትምህርቱን ዓመታት ቤተሰቡ እንዴት እንደሚያልፋቸው አስቦ የመጣ መሆኑን በግልጽ ቢናገር ይሻለዋል።

ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ በአፋን ኦሮሞ ታካሚ ሲያነጋግር የኖረ ሰው ይጨነቃል። አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጥያቄው ካልገባ «እባክዎን ይድገሙልኝ» ማለት ነውር የለውም። የተሸመደደ ንግግር ግን ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ይታወቃል፤ ልምምድ የሚያስፈልገው ከባልደረባ ጋር ተቀምጦ ያላሰቡትን ጥያቄ ለመልመድ ነው።

ውጭ አገር የሚያመለክቱ ደግሞ ሌላ ቅርጽ ያጋጥማቸዋል። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ከሃያ ዓመት በፊት አንዱን ረጅም ቃለ መጠይቅ ትቶ ብዙ አጫጭር ጣቢያዎችን አዘጋጀ። አመልካቹ በር ላይ የተለጠፈውን ጉዳይ አንብቦ ይገባል፣ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፣ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል። እያንዳንዱ መዛኝ ለብቻው ነጥብ ስለሚሰጥ አንዱ ጋ የተሳሳተ ሰው ሌላው ጋ ንጹሕ ሆኖ ይጀምራል። ለእኔ ይህ ከኮሚቴ ፊት አንድ ጊዜ ከመቅረብ ይልቅ ለዓይናፋር ሰው የሚያደላ ይመስለኛል፤ የወለጋ ልጅ ደግሞ ታላቅ ፊት ሲቀርብ አንገቱን ዝቅ እንዲያደርግ ሆኖ ያደገ ነው።

የግል ኮሌጅ የሚያስቡ ቤተሰቦች፣ በተለይ የቡና ገንዘብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚገባላቸው የግምቢና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ክፍያው በየስንት ጊዜ እንደሚፈለግ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። ክፍያው ክረምት ላይ ከሆነ ቡናው ገና ዛፍ ላይ ነው። በየዓመቱ ይጨምር እንደሆነ፣ የክሊኒክ ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚደረግ፣ ልጁ ሦስተኛ ዓመት ላይ ቢያቋርጥ ምን እንደሚመለስ በጽሑፍ ይቀበሉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ኮሌጁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኘውን ፈቃድ ይመልከቱ። ለነርሲንግ የተሰጠ ፈቃድ ለሕክምና አይሠራም፤ ለአንድ ካምፓስ የተሰጠም ለሌላው አያገለግልም። የመመዝገቢያው ብር ከተከፈለ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ብዙ ጊዜ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው።