አዲስ ባትሪ ገዝታችሁም ፒክአፑ ጠዋት አልነሳ ካለ ይሄን አንብቡ

ሐሙሲት ላይ ፒክአፕ ማለት የባለቤቱ መኪና ብቻ አይደለም። እህል ይጭናል፣ በግ ይጭናል፣ ከባህር ዳር የሱቅ ዕቃ ያመጣል። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ካለችና አምቡላንስ ከራቀ ደግሞ በሩ የሚንኳኳው ባለ ፒክአፑ ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ቁልፉ ሲዞር "ጠቅ ጠቅ" ብቻ ካለ ነገሩ ከብስጭት ያልፋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሌላ ባትሪ መግዛት ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ግን በግምት ባትሪ መቀየር ኪስ ያራቁታል። አዲሱም በሳምንቱ ከሞተ ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላል። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ራሱ ባትሪው፣ የሚሞላው ዲናሞ፣ ወይም መኪናው ጠፍቶ እያለ ተደብቆ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ነገር።

ከምንም በፊት ኮፈኑን ክፈቱና የባትሪውን ጫፎች እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ፣ ወይም ማሰሪያው በእጅ ሲነካ ከተንቀሳቀሰ፣ ችግሩ እዚያው ሊሆን ይችላል። ኔጌቲቩን ቀድማችሁ ፍቱ፣ በሙቅ ውሃና በቢካርቦኔት አጽዱ፣ አድርቃችሁ አጥብቁ። ከኔጌቲቩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ገመድም አትርሱት፤ ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም።

ቀጥሎ ቴስተር ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጓደኛ ካላችሁ አለው። መኪናው ካደረ በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ማለት ግማሽ ገደማ፣ ከ12 በታች ደግሞ ባዶ ሊሆን የቀረበ ማለት ነው። ሙሉ የነበረው ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ውስጡ ደክሟል፣ እሱን መቀየር ያስኬዳል።

ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል ማሳየት አለበት። 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው አይሞላም፤ ቺንጋው ላልቶ፣ ካርቦኑ አልቆ ወይም ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የማንወደው ልማድ አለ፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ "ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው" ማለት። ያው ድሮ ይሠራ ይሆናል። ዛሬ ግን ቮልቱ በድንገት ዘልሎ የዲናሞውን ዳዮድና የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። አታስደርጉት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ፣ ወደ ድብቁ ጠጪ። ቴስተር እንኳ ባይኖራችሁ ባትሪውን በደንብ አስሞሉና ማታ ኔጌቲቩን ፈታችሁ እደሩ። ጠዋት አስራችሁት ቶሎ ከተነሳ፣ ታስሮ ሲያድር ግን የሚሞት ከሆነ፣ ሌባው መኪናው ውስጥ ነው። ተፈትቶ አድሮም ከሞተ ባትሪው ራሱ ነው።

ሌባውን ለመያዝ ሁሉን አጥፍታችሁ ቴስተሩን በ10 አምፒር ቦታው ላይ አድርጉና በተፈታው ገመድና በኔጌቲቩ መካከል አስገቡት። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በዚህ ሁኔታ ግን ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። ጤነኛ መኪና ከ50 ሚሊአምፒር በላይ አይወስድም። 500 ካነበባችሁ በቀን 12 አምፒር ሰዓት እየፈሰሰ ነው፤ 70 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሦስት ቀን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ ወደ ሌባው ይመራችኋል። በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ ቴፕና አምፕሊፋየር፣ በኋላ የተገጠመ ጂፒኤስ ወይም ተጨማሪ መብራት ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። የትኛውም ፊውዝ ለውጥ ካላመጣ ዲናሞው ላይ ያለው ዳዮድ እያሳለፈ ሊሆን ስለሚችል እሱን አስፈትሹ።

ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። ሐሙሲት ላይ የሚነሳ ፒክአፕ ከ2600 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ታቦር በኅዳር አድሮ ላይነሳ ይችላል። ባትሪ ሲበርደው ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ድሮም ሞተሪኖውን ያደክማል። ብርዱ ግን ደካማውን ባትሪ ያጋልጠዋል እንጂ ጤነኛውን አይገድልም።

ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ስትቀበሉ አንድ ነገር በደንብ እዩ፦ ብዙዎቹ አይሱዙዎች 24 ቮልት ናቸው፣ ፒክአፑ 12። ሁለቱን ማገናኘት የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ ያቃጥላል፣ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ከ12 ቮልት መኪና ከሆነ ቀዩን ገመድ መጀመሪያ ከሞተው ፖዘቲቭ፣ ከዚያ ከጤነኛው ፖዘቲቭ እሰሩ። ጥቁሩን ከጤነኛው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ጫፉን ደግሞ የሞተው መኪና ሞተር ላይ ከባትሪው ራቅ ካለ ባዶ ብረት ጋር። ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ብልጭታው ይራቅ፣ ሲጋራም አይታሰብ።

ተነሳ ማለት ደግሞ ሞላ ማለት አይደለም። ከተማ ውስጥ አሥር ደቂቃ መዞር ሞተሪኖው የወሰደውን እንኳ በወጉ አይመልስም። ስልካችሁ ዜሮ ገብቶ ሲሞላ እንደ አዲስ ይሠራል፣ የመኪና ባትሪ ግን የእርሳስና የአሲድ ነው፤ ባዶውን በቆየ ቁጥር ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክርና አቅሙ በቋሚነት ይቀንሳል። መብራት ባለበት ሌሊት ቀስ አድርጎ በቻርጀር ማስሞላት ይሻላል።

የሞተውን ባትሪ ለእርሳሱ የሚገዙ አሉ፣ ለነሱ ስጡ። አሲዱን ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ እዚህ አካባቢ የሚፈስ ነገር ጉማራን ይዞ ጣና ነው የሚገባው።