በቆራሌው የሚወጣው ሸክላ በዶላር ይሸጣል

«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በአዲስ አበባ መንደሮች ሲያልፍ ከየቤቱ የሚወጣው ዕቃ የታወቀ ነው። የተጣመመ ድስት፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ። አንዳንድ ጊዜ ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አቧራ የጠጣ የሸክላ ቁልል አብሮ ይወጣል። አባት አርፈዋል፤ ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ልጆች ቦታ ይፈልጋሉ። ቆራሌው ሁሉንም በጅምላ ገምቶ ጥቂት ብር ይከፍልና ይሄዳል። ዕቃው ምናለሽ ተራ ደርሶ ከሚያውቅ ሰው እጅ ከገባ ደግሞ፣ ከቁልሉ ውስጥ አንዱ ሸክላ ብቻውን ባሕር ማዶ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያወጣ ይችላል።

ዋጋውን እንዲህ የሰቀለው በመጀመሪያ የዕቃው ማነስ ነው። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ የወጣው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ የታተመው ሁሉ ቢደመር 500 ያህል ባለ 45 ትንንሽ ሸክላና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላ ነው። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣና ሸክላ ቀረ። የሚጨመር የለም፤ የሚቀነስ ግን በየቀኑ አለ።

የዚህ ንግድ አባት አቶ አምኃ እሸቴ ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ግን በመብቱ አልሠራበትም። ወጣቱ አምኃ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጸው በድፍረት አወጡና ገበያው ተከፈተ። በከተማው ማተሚያ ስላልነበረ ሥራው መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላም ሊባኖስ ታትሞ ይመጣ ነበር። አቶ አምኃ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሄዱ ድረስ 100 ያህል ትንንሽና ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አውጥተዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት የመርካቶው ነጋዴ አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ በራሳቸው ስም ማሳተም ቀጠሉ።

ሸክላው ግን ለመስታወት ሣጥን የተሠራ ዕቃ አልነበረም። በየቡና ቤቱ ጁክቦክስ ውስጥ እስኪያልቅ የተጫወተ፣ በየልደቱና በየሠርጉ ቢራ የፈሰሰበት ነው። ከዚያ ዘመን ተርፎ ያልተጫረ ሸክላ ማግኘት ታዲያ ዕድል ይጠይቃል።

የጃዝ አፍቃሪዎች ሲገናኙ ወሬው ከሸክላው ወደ ቤቶቹ መሄዱ አይቀርም። የግዮኑ፣ የራስ ሆቴሉ፣ የሒልተኑ ምሽት ይነሣል። ዱክ ኤሊንግተን ኅዳር 1966 ዓ.ም. ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ ገብቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተገናኘበት ጊዜ ይነሣል። ከሁሉ ይልቅ የሚወራው የሰዓት እላፊው ዘመን ነው። ደርግ ከገባ በኋላ ማታ መንገድ ላይ መገኘት ስለተከለከለ ሒልተን ገብቶ የመሸበት እንግዳ መውጣት አይችልም ነበርና፣ ዋልያስ ባንድ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ፍርሃት ያቆመው ጭፈራ ነው ማለት ይቻላል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ሄዶ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም ዋሽንግተን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድተዋል።

ለዚህ ወሬ የገበያ ገጽ ላይ ቦታ የተሰጠው ያለምክንያት አይደለም። በብዙዎቹ ትንንሽ ሸክላዎች ላይ የሚነበበው የዘፋኙና የባንዱ ስም ነው። ሳክስፎኑን የነፋው ማን ነው? ከበሮው ላይ የነበረውስ? ይህን የሚያውቀው ያን ማታ ከመድረኩ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ነው። ገዢ ደግሞ የሚከፍለው ለዚህ ጭምር ነው። ሽለላን በሳክስፎን ያንጎራጎሩት ጌታቸው መኩሪያ እንደነፉበት የተረጋገጠ ሸክላና ነፊው ያልታወቀ ሸክላ እኩል አይጠየቅባቸውም። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም.፣ አቶ አምኃም በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል። ምስክሮቹ ከሸክላው ፈጥነው እያለቁ ነው።

ትዝታው የሚነገርባቸው ቤቶችም አልጸኑም። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ ጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰው ቃጠሎ ጠፋ። የካዛንቺሱ ፈንዲቃም በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከቦታው ተነሣ።

የውጭውን ፈላጊ ያበዛው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ ያሳተሙት ኢትዮፒክስ የተባለው ስብስብ ነው። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ሲሆን፣ የጂም ጃርሙሽ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ ሙዚቃ በየአገሩ ሲኒማ ቤት አሰማው። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ያሳተሙት ትልቁ ሸክላ በ2017፣ የዋልያስ «ቼ በለው» ደግሞ በ2014 እንደገና ታትመዋል። አዲሱ እትም የአሮጌውን ዋጋ ያወርዳል ብሎ የጠበቀ ሁሉ ተሳስቷል። ስሙን የሰማ አድማጭ አዲሱን ይገዛል፤ ሰብሳቢው ግን የመጀመሪያውን የበለጠ ይፈልጋል።

ሸክላ ይዞ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ጥቂት ነገር ቢያውቅ አይጎዳም። ገዢ መጀመሪያ ሸክላውን ከብርሃን ትይዩ አጋድሞ ጭረቱን ይቆጥራል። ቀጥሎ ከመሃሉ ወረቀት ዙሪያ በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያነባል። የመጀመሪያው እትም ከኋለኛው የሚለየው በአብዛኛው በዚህ ነው። ሽፋኑ የጠፋበት ትልቅ ሸክላ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ የተቀደደም ቢሆን ሽፋኑን መጣል አይገባም። በቤንዚን ወይም በደረቅ ጨርቅ ማሸትም ዕቃውን ያበላሻል። ሸክላ ተኝቶ ሲደራረብ ይጣመማልና አቁሞ ማስቀመጥ ይበጃል። ቁልሉን በጅምላ ከመስጠት በፊት ደግሞ አንድ በአንድ መዝግቦ ቢያንስ ሁለት ገዢ ማነጋገር ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን የባሕር ማዶው ሚዛንና የአገር ቤቱ አይገናኙም። በዚያ ዘመን ሸክላ ለጓደኛ ተውሶ እንዳይቀር ባለቤቱ ስሙን በእስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ቡና ቤቶችም ስማቸውንና ተራ ቁጥራቸውን ይጽፉበታል። ለውጭው ሰብሳቢ ይህ ጉድለት ነው፤ ከዋጋው ይቀነሳል። ጡረታ የወጣው የአዲስ አበባ አድማጭ ግን ሸክላውን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ጽሑፍ ነው፤ የየትኛው ቤት ሸክላ እንደነበረ፣ ቤቱ የት ይገኝ እንደነበረና በዚያ ቤት ማን ይጫወት እንደነበረ መናገር የሚጀምረውም ከዚያ ነው።